የተፈቀደላቸው ዝርዝር

ራውተሩን የገዛሁት የእህቴን ፊት ለማየት ነው። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ እኔ ዲላ ሆኜ የእሷን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እጠብቅ ነበር። አትምጣ ያለችኝ ራሷ ናት። «አልጋዬ አጠገብ ስትቆም ለቀብር የመጣህ ነው የምትመስለው። ደግሞ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ደብተር የሚሸጥበት ጊዜ ነው» አለችኝ። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር። አሳማኝ የሆነው ስለተመቸኝ እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር፤ የሆስፒታል ኮሪደር እፈራለሁ።

እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ስለዚህ ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጇ ስልኩን ፊቷ ላይ ትይዝላታለች፣ እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ እጠብቃለሁ፣ ሩብ ሰዓት ያህል እንነጋገራለን። ከሕክምናው በቀር ስለ ሁሉም ነገር እናወራ ነበር። ስለ እስክሪብቶ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ የሱቁን መጋረጃ ስላላጠብኩት።

በዚያ ሰሞን የተማረ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ዓለምን አንድ መንደር አደረጋት ይል ነበር። መንደር ኖሮ የማያውቅ ሰው ያወጣው አባባል ነው። መንደር ማለት ሁሉም የሁሉን ድስት የሚያውቅበት ቦታ ነው፤ ዓለምን እንዲያ ማድረግ ምኑ እንደሚያስደስት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መስመሩን የዘረጋልኝ ባለሙያ ራውተሩን ቡፌው ላይ አስቀመጠና አራት አረንጓዴ መብራት በራ።

«የይለፍ ቃሉ ከአንድ እስከ ስምንት ነው» አለኝ።

«ማለት?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ስምንት። እንዳይረሱት ብዬ ነው።»

አልረሳሁትም። ሰፈሩም አልረሳውም። ሳምንት ሳይሞላ በእንሰቱ አጥር ሥር ያለው የድንጋይ ካብ መቀመጫ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኳስ ያያሉ፤ የመዘምራን ልጆች አዲስ የወጣ መዝሙር ያወርዳሉ፤ ከጨለለቅቱ የሚመጣ አንድ ቡና ሰብሳቢ ሞተሩን አቁሞ የገበያ ወሬ ይለዋወጣል። ሁሉም በአክብሮት ሰላም ይሉኛል። የገዛ አጥሬ ላይ እንግዳ የሆንኩ እኔ ነበርኩ።

ጉዳቱ የታየው ማታ ነው። የእህቴ ፊት ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይበታተንና ይቆማል። ድምጿ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። አንድ ቀን አንድ ነገር ልትለኝ ስትጀምር አፏን እንደከፈተች ቆመች፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንደዚያው አየኋት። ሲመለስ «ምን ልትይ ነበር?» አልኳት። «ምንም አልነበረም» አለች።

በማግስቱ ከራውተሩ ጋር የመጣችውን ቀጭን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። በሕይወቴ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹ ሰው በተፈጥሮው ደግ ነው ብለው ይጀምራሉ። ይቺ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ማንንም አትመኑ ትላለች። ወደድኳት። እንዳለችኝ፣ በመጀመሪያ የራውተሩን የራሱን ገጽ የሚከፍተውን ቃል ቀየርኩ፤ ከዚያ የዋይፋዩን፤ ከዚያ የሚተላለፈውን ከባዕድ ዓይን የሚሰውረውን ምስጠራ ከአሮጌው ዓይነት ወደ አዲሱ አዞርኩ። አጥሩ ሥር ያሉት ስልካቸውን ወደ ሰማይ እያነሱ ሲፈልጉ በመስኮት አየኋቸው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጎረቤቴ መጣች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ እሑድ እሑድ የጸሎት ቡድን የምትመራ የጌዴኦ ሴት ናት። የቤቴ ትርፍ ቁልፍ እሷ ዘንድ ነው። የቧንቧ ውኃ የሚመጣበት ቀን አይታወቅም፤ ሲመጣ እኔ ሱቅ ስለምሆን በርሜሌን የምትሞላልኝ እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ዋይፋይዋ ታመመች እንዴ?»

«አልታመመችም። ተቆለፈች።»

«በማን ላይ?»

«በሌባ ላይ።»

ዞር ብላ አጥሩን አየች። «ሌባ የለም እኮ። እነዚህ ልጆች ናቸው።»

«እህቴን ላይበት የዘረጋሁት መስመር ላይ ኳስ ያያሉ።»

«ለእህትዎ የሚጸልዩትም እነሱ ናቸው።»

«ይጸልዩ! ጸሎት ዋይፋይ አይፈልግም።»

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «የኔ ግን ትፈልጋለች» አለች።

ቀልድ መሰለኝ። በርሜሌን የምትሞላን ሴት እምቢ ማለት ስለማይቻል ቃሉን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት፤ ሚስጥር ነው፣ ለአንቺ ብቻ ነው አልኳት። በሦስተኛው ቀን የድንጋዩ ካብ እንደገና ሞላ።

«ለማን ነገርሽ?» አልኳት።

«ለጠየቀ።»

«ሚስጥር ነው አላልኩሽም?»

«ሚስጥር መሆኑንም አብሬ ነግሬያለሁ፣ ጋሼ።»

ምን ይባላል? በእኛ ሰፈር፣ ያለህን ነገር የጠየቀህን ሰው መከልከል ከስርቆት የከፋ ነውር ነው። ቃል ብትቀይር ቃሉ ይጠየቃል፤ ተጠያቂዋ ትናገራለች። መመሪያዬ ለዚህም መፍትሔ ነበራት። እያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ የራሱ መለያ አለው፣ እንደ መታወቂያ ቁጥር ያለ። ራውተሩ ገጽ ውስጥ የተፈቀደላቸው የሚል ዝርዝር አለ። መለያው እዚያ ያልተጻፈ መሣሪያ፣ ቃሉን ቢያውቀው እንኳ አይገባም። ላፕቶፔንና ስልኬን ጻፍኩ። ጎረቤቴ ከጎኔ ቆማ ታየኛለች። እምቢ ልል ሦስት ጊዜ ሞክሬ የእሷንም ጻፍኩ።

እንዲያውም ከዚያ በላይ አደረግሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ይንገዳገዳል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይደርስ የሚያስነሳው ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ ገጹ እንዴት እንደሚከፈት፣ ቃሉ የት እንደሚቀየር፣ ሁሉንም አስተማርኳት። ቶሎ ገባት። መመሪያዬ ስለ ባዕድ ሰው ብዙ ምዕራፍ ነበራት፤ የቤቱን ቁልፍ ስለያዘ ሰው ግን አንድ መስመር አልጻፈችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ማታዎች ጥርት ያሉ ነበሩ። አጥሩ ሥር ማንም የለም። ሰላምታውም ቀነሰ። የእህቴ ፊት ሳይቆራረጥ፣ ሳይቆም መጣልኝ፤ ያኔ ነው ያየሁት። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል፣ የአንገቷ ቆዳ ባዶ ከረጢት መስሏል። ለካስ ያ ሁሉ መቆራረጥ ሲያዝንልኝ ነው የቆየው። እሷም እኔን አጥርታ አይታኝ «አንተ፣ አርጅተሃል እኮ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ልጇ ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ሳሉ እስኪያልፍ ድረስ ግድግዳ አየሁ። በዚያ ማታ አውቶቡስ ተሳፍሬ መሄድ ነበረብኝ። በማግስቱ ሱቁን ከፈትኩ።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቴ ሱቅ መጣች። በዚያ ሰዓት መዝገብ ቤት መሆን ነበረባት።

«ጋሼ፣ ስልክዎን ያውሱኝ። ቡሌ ላለችው እናቴ ልደውል ነው። የኔ ባትሪዋ… አለቀች።»

ሰጠኋት። ይዛው ሄደች። ምሳ ሰዓት ድረስ አልመለሰችውም፤ ቢሮዋ ሰው ልኬ ሳስጠይቅ ረስቼው ቤት ነው አለች፤ ቤት ስሄድ በሯ ዝግ ነው። እየተራገምኩ ቤቴ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም አለኝ። ደግሜ በቀስታ ጻፍኩ። ትክክል አይደለም። ኬብል ሰክቼ የራውተሩን ገጽ ልከፍት ሞከርኩ፤ ያም ቃል ተቀይሯል።

በቃ ተጠልፌያለሁ አልኩ። አጥሬ ሥር ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ፣ ቂም ይዞ። ንዴቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ስሜት ነበር። ለሳምንታት እህቴን የሚበላት ነገር ስም ብቻ ነበረው፤ ልታገለው አልችልም። ይህ ግን ልታገለው የምችለው ጠላት ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ሳልከፍት ቀረሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይደርስ መግባት አለብኝ፤ እህቴ ስልኩ ፊት ትጠብቀኛለች።

ራውተሩን ነቅዬ እስከ ሠላሳ ቆጥሬ ሰካሁት። ምንም። መመሪያዬን እንደገና ገለጥኩ። ከኋላው አንዲት የመርፌ ቀዳዳ አለች፤ በመርፌ ተጭኖ አሥር ሰከንድ ከያዙት ሁሉንም ረስቶ እንደተገዛበት ቀን ይሆናል። አደረግሁት። ገጹ ተከፈተልኝ። ከመስመሩ ጋር የተሰጠኝን የተጠቃሚ ስምና ቃል ከድሮ ደረሰኝ ጀርባ ፈልጌ ጻፍኩ። ከአሥር ሰዓት በፊት ሁሉንም ጨርሼ፣ መብራቶቹ አንድ በአንድ ሲበሩ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ላፕቶፑን ስከፍት የመስመሩ መብራት ጠፋ።

ሽቦውን ተከትዬ ወጣሁ። ከግድግዳው ወጥቶ በጣሪያው ጠርዝ ሄዶ በአጥሩ በኩል ወደ ምሰሶው ይሻገራል። አጥሩ ላይ፣ ሁለቱ ሽቦዎች የተያያዙበት ቦታ ተላቅቋል። አልተቆረጠም፤ ተፈትቷል። ጫፎቹ ደግሞ ዝናብ እንዳይገባባቸው በጥቁር ፌስታል ተጠቅልለው ታስረዋል።

ሌባ በፌስታል አይጠቀልልም። ይህን ያህል ማሰብ እችል ነበር። ከዚያ በላይ ግን አላሰብኩም፤ ሰው ማወቅ ከማይፈልገው ነገር ለመሸሽ ያለው ጉልበት የሚገርም ነው።

ልፈታው እጄን ስዘረጋ የእድራችን ዳኛ፣ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ሐጂ፣ በበሩ ገቡ። በሥራ ቀን፣ በገበያ ሰዓት።

«ሐጂ፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«ሻይ ጠማኝ» አሉ።

ሻይ እያፈላሁ ሌላ ሰው መጣ፣ ከዚያም ሌላ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎኔ ውስጥ ስምንት ወንድ ተቀምጧል። «እህቴ ጋ ልደውል፣ ስልክ አውሱኝ» አልኩ። ሐጂ ካርድ የላቸውም። አጠገባቸው ያለው ባትሪው አልቋል። ሦስተኛው ኔትወርክ እምቢ ብሎታል። ስምንት ሰው፣ አንድም የሚሠራ ስልክ የለም።

ገባኝ አልኩ በልቤ። አድማ ነው። ዋይፋዩን ስለቆለፍኩ ሰፈሩ በሽማግሌ መጥቷል፤ እስክከፍተው ድረስ አይለቁኝም። እንግዲያስ ብዬ ቆሜ አስተማርኳቸው። ለምን የይለፍ ቃል እንደሚያስፈልግ፣ ያልተቆለፈ መስመር ላይ የሚገባ ሰው ምን ምን ማየት እንደሚችል፣ ምስጠራ ምን እንደሆነ፣ ሁሉንም።

«ትልቁ ቀዳዳ መሣሪያው አይደለም» አልኩ። «ቃሉን ያመንከው ሰው ነው!»

«እውነት ነው» አሉ ሐጂ።

«ሰው ሚስጥር አይችልም!»

«እውነት ነው ልጄ።»

«ከዛሬ ጀምሮ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ብትጠይቀኝ አልሰጥም!»

«እውነትህን ነው። ተቀመጥ እስቲ፣ ደክሞሃል።»

በዚያ ሰፈር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ ከእኔ ጋር የተስማማ ሰው አልነበረም። ይህ ብቻውን ሊበቃኝ ይገባ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ሰዓቱን እያየሁ «ትጠብቀኛለች እኮ» ስል ሁሉም ወለሉን አዩ።

ጎረቤቴ ቆጮና ጎመን ይዛ ገባች። ዓይኗ አብጧል፤ ጉንፋን ነው አለች። ስልኬን ስጠይቃት ቢሮ ቆልፌበት መጣሁ አለች። ስትዋሽ አንገቷ ይቀላል፤ ልምዱ የላትም።

«ይብሉ ጋሼ። ደህና አድርገው ይብሉ፣ ነገ መንገድ…»

«የምን መንገድ?»

«የኔ መንገድ። ቡሌ እሄዳለሁ።»

በላሁ። ስምንቱም ስበላ ያዩኝ ነበር፣ እያንዳንዱን ጉርሻ የሚቆጥሩ ይመስል። በኋላ ሌሎቹ ሲሄዱ ሐጂ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ሶፋዬ ላይ ቀሩ።

ሲነጋጋ፣ ሐጂ ገና ሳይነቁ፣ በጓሮ በር ወጣሁ። ፌስታሉን ፈታሁ፣ ሽቦዎቹን አጠማዘዝኩ። ተመልሼ ስገባ አራቱም መብራት በርቷል። እንደ ድል ነበር የተሰማኝ። ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚለጥፍበት ገጽ መጀመሪያ ያሳየኝ የእህቴን ፎቶ ነው። ሱቋ በር ላይ ቆማ የተነሳችው። የለጠፈው የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሥሩ ነፍስ ይማር የሚል ረጅም ሰልፍ አለ። የተለጠፈው ትናንት ጠዋት ነው። ጎረቤቴ ሱቄ ከመምጣቷ በፊት። እኔ በመርፌ ቀዳዳዋን ስጎረጉር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ልትጠብቀኝ ነው ብዬ ስጮህ፣ እህቴ ከሞተች አንድ ቀን ሊሞላት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር የቀረው።

ያን ጊዜ ሁሉም ግልጽ ሆነ። በአገራችን መርዶ ለብቻ አይሰማም። ሰው እንዲበላ ይደረጋል፣ እንዲተኛ ይደረጋል፣ በንጋት የሚያውቃቸው ሰዎች ተሰብስበው መጥተው ይይዙታል፤ ሲወድቅ መሬት አይነካም። ድሮ ለዚህ በርን መጠበቅ ይበቃ ነበር። አሁን ግን በቡፌዬ ላይ አራት መብራት ያለው ሌላ በር ነበረኝ፤ ጎረቤቴ ያን በር ባስተማርኳት መንገድ ዘጋችው፣ በመርፌ ስከፍተው ደግሞ ከሽቦው ዘጋችው። አንድ ሰፈር ሙሉ ቀን የደከመበትን ጥበቃ ሰብሬ ገባሁ። ያገኘሁት ይህን ነው፤ ብቻዬን፣ በካልሲ፣ ከስክሪን ፊት።

ላፕቶፑን ዘጋሁ። ወጥቼ ሽቦውን ፈታሁት። ጫፎቹን በፌስታሉ ጠቀለልኩና አሰርኩት። ከዚያ ቀስቅሰው እንዲነግሩኝ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ተኛሁ።

መጡ። የእግራቸው ኮቴ ግቢውን ሞላው። ሐጂ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ተነስ ልጄ» አሉኝ። ነገሩኝ። አለቀስኩ። ለቅሶው የውሸት አልነበረም፤ የነቃሁበት ሰዓት ብቻ ነበር የውሸት። አጥሬ ሥር ይቀመጡ ከነበሩት ተማሪዎች ሁለቱ በብብቴ ይዘውኝ ነበር።

ሚኒባሱ ተከራይቶ በሩ ላይ ቆሟል። ቀብሩ አዲስ አበባ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤቴ ከጎኔ ተቀመጠች። ይርጋለም መገንጠያን አለፍን።

«ቀድመው አውቀዋል፣ አይደል?» አለችኝ በቀስታ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ፌስታሏ በድርብ ነው የታሰረችው። እኔ በነጠላ ነው ያሰርኩት።» ወደ እኔ ዞረች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ልጅቷ ናት የደወለችልኝ። ብቻውን እንዳይሰማ አለችኝ።»

«የእህቴ ልጅ ያንቺን ቁጥር ከየት አመጣች?»

መስኮቱን አየች። «ከእናትየው ጋር ጠዋት ጠዋት እንጸልይ ነበር። እርስዎ ሱቅ ሲሄዱ። በዋይፋይዋ።»

እህቴ ኪዳነ ምሕረትን ሳትሳለም ሱቅ ከፍታ የማታውቅ ሴት ናት። ጴንጤ ደጇን ሲያንኳኳ ካርድ ሸጣለት የምትሸኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ለሳምንት የሚበቃ መቀለጃ ይሆነኝ ነበር።

«ምን ትልሽ ነበር?»

«ፈራሁ ትላለች። መሞቴ ነው፣ ፈራሁ።»

«ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አላለችም።»

«አዎ። እንዳትነግሪው አለችኝ።» እያዘነች ነው የተናገረችው፣ ልታስቀይመኝ አልፈለገችም። «ይከራከረኛል አለች።»

እውነቷን ነበር። ፈራሁ ብትለኝ አትሞቺም ብዬ እሟገታት ነበር፤ በማስረጃ፣ በምሳሌ፣ ሐኪሞቹን እያጣጣልኩ። እረታትም ነበር። ደክሟት እሺ ትለኝ ነበር።

ሐዋሳ ላይ ለነዳጅ ቆምን፤ አንድ ሰው ዳቦ አቀበለኝ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። ረቡዕ ጠዋት፣ በመጨረሻው ጸሎታቸው፣ ያኔም ፈርታ ነበር ወይ የሚል። ጎረቤቴ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ ውሸት አታውቅበትም። ስለዚህ አልጠየቅኳትም።